ለብ ያለ ውሃ

«ለዓሣ ማሞቂያ ገዛሁ» ስላት እናቴ ስልኩ ላይ ዝም አለች። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ቆርቆሮው ገና በጠዋት መጋል የሚጀምርበት። ከጀርባዋ የቬንትሌተሩ ድምፅ ይሰማኛል። «አንተ ልጅ፣ እኛ እዚህ የምንገባበት አጥተን አንተ ዓሣ ታሞቃለህ?» አለችኝ በመጨረሻ። ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ፤ ይበላል ወይ? አይበላም። የማይበላ ዓሣ፣ ያውም ካልሞቀለት የሚሞት! ነገሩን ለጎረቤት እንዴት አድርጋ እንደምታስረዳ እያሰበች እንደሆነ ገባኝ።

የደበቅኳት ነገርም ነበር። ማሞቂያው ከዓሣዎቹ ይልቅ ለድንጋዮቹ ነው። ድንጋይ ያልኳቸው ኮራሎቹን ነው። ለሚያያቸው ሰው ድንጋይ ናቸው፣ ወይም ቅጠል፣ ወይም ድንጋይ ላይ የበቀለ አበባ። እንስሳ መሆናቸውን ማመን ጊዜ ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዷ ፍጥረት ከሩዝ ፍሬ ብዙ አትበልጥም፤ አንድ አፍ አላት፣ በአፏ ዙሪያ እንደ ጣት የሚንቀሳቀሱ ቀጫጭን ክንዶች፣ ከሥሯ ደግሞ ራሷ የምትሠራው የኖራ ወንበር። በሺህ የሚቆጠሩት ተደጋግፈው አንድ ቅርንጫፍ ይሆናሉ። ይህን ለእናቴ በስልክ ከማስረዳት ዓሣ ማሞቁን መናዘዝ ቀለለኝ።

ኮራልን ግን ከእሷ ቤት ነው የማውቀው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ ሳሙናና ሽቶ፣ አንዳንዴም ቴምር ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ ነገር አመጣ፤ የክንድ ያህል የሚረዝም፣ እንደ ግራር የተንጨፈረረ ቅርንጫፍ። ቡፌው ላይ፣ ከሬዲዮኑ አጠገብ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀመጠ። «የባሕር ድንጋይ» ነበር ስሙ። ማንም ሳያየኝ ልሼዋለሁ፤ ጨው ጨው ይላል። አቧራ የማይለቅ ዕቃ ስለነበር እናቴ በየሳምንቱ በጥርስ ብሩሽ ታጥበው ነበር። ነጭ እንዲሆን። በሕይወት ሳለ ነጭ እንዳልነበረ የነገረን ሰው አልነበረም።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ገንዳ 280 ሊትር ይይዛል። በራሴ ፍላጎት የጀመርኩት ነገር አይደለም። እኛ በነበርንበት ሕንፃ ላይ ይኖር የነበረ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ መሸከም አቅቶት፣ ከሦስተኛ ፎቅ ካወረዳችሁልኝ ውሰዱት አለን። በነጻ የተገኘ ነገር ስንት እንደሚያስወጣ ያኔ አላውቅም ነበር። መስተዋቱ በነጻ ነው፤ መብራቱ፣ ፓምፑ፣ ጨው፣ የተጣራ ውሃ፣ ማሞቂያው ግን እየቆዩ ሂሳባቸውን ይዘው ይመጣሉ። ገንዳው ውስጥ አሁን የሟሟው ጨው ብቻ አሥር ኪሎ ይጠጋል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ቁጥር አንድ ነው፤ የውሃው ሙቀት፣ 25.5። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ የማየው እሱን ነው። በሴልሺየስ ነው ያደረግኩት፤ እዚህ አገር ባሉት መጻሕፍት 78 ፋራናይት ይባላል። ሁለቱን ሚዛን በአንድ ጭንቅላት ተሸክሞ መኖር የኛ ዕጣ ሳይሆን አይቀርም። የውጭውን አየር በፋራናይት ለምጄዋለሁ፤ የልጆቼ ትኩሳት ግን እስከ ዛሬ በሴልሺየስ ካልተነገረኝ አያስደነግጠኝም። ነርሷ 102 ስትለኝ ቁጥሩን ቀይሬ 39 እስክደርስ ድረስ ልቤ በቦታው ይቆያል። ኮራሎቹን ከየትኛው ወገን እንዳደረግኳቸው ይህ ይናገራል መሰለኝ።

ለ25.5 አማርኛ ቃል አለው፤ ለብ። ቃሉን ግን አናከብረውም። ሥራውን ለብ ለብ ያደረገ ሰው ሥራውን አልሠራም። ለእንግዳ ለብ ያለ ቡና ማቅረብ ነውር ነው። ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ያደገ ሰው ደግሞ የሎዶቅያን ሰዎች ታሪክ አይረሳም፤ ትኩስ ቢሆኑ ወይም ቢቀዘቅዙ ይሻላቸው ነበር፣ ለብ በማለታቸው ግን የሚተፉ ሆኑ። እኔም ለብታን የማውቀው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይደክምበት የሚመጣ፣ ትኩስ ነገር ተረስቶ ሲቀመጥ የሚደርስበት የመተው ደረጃ።

ገንዳው ይህን ገለበጠብኝ። ረስቼ የተውኩት ውሃ ለብ ብሎ አያውቅም። ብርድ ከሆነ ክፍሉን ይመስላል፣ ሙቀት ከሆነ ከክፍሉም አልፎ ይሄዳል። ውሃ እንዲፈላ እሳት ላይ መጣድ ነው፤ እንዲቀዘቅዝ ማውረድ ነው። ለብ ብሎ እንዲቆይ ግን አጠገቡ መቀመጥ ያስፈልጋል። ያውም ለብ የምንለው በራሳችን ቆዳ ለክተን ነው። እጄን ገንዳው ውስጥ ስከተው ውሃው ይቀዘቅዘኛል፤ የእጅ ቆዳ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሆነ 25.5 ለእጅ ብርድ ነው። ከውጭ፣ ከበረዶ ገብቼ ስነካው ደግሞ ሙቅ ይሆንብኛል። እናቴ ሕፃን ስታጥብ ክርኗን ነክራ ትለካ ነበር፤ ክርን ከእጅ መዳፍ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ለኮራል ግን ክርንም አይሆንም።

የሚገርመው፣ ገንዳውን የሚያሞቀው ማሞቂያ ተብሎ የተገዛው ዕቃ ብቻ አለመሆኑ ነው። ውሃውን የሚያንቀሳቅሱት ፓምፖች ያሞቁታል። መብራቱ ያሞቀዋል። ከግድግዳው ወደ ገንዳው የሚሄደው ኤሌክትሪክ በምንም ስም ቢሄድ መጨረሻው ሙቀት ነው። ኤልኢዲ ከመምጣቱ በፊት ኮራል አርቢዎች ሜታል ሃላይድ የሚባል እንደ ስታዲየም መብራት የሚያቃጥል አምፖል ይጠቀሙ ነበር፤ ያንን ያበራ ሰው ሌላ ማቀዝቀዣ መግዛት ነበረበት። ማቀዝቀዣው ደግሞ እንደ ፍሪጅ ነው፤ ከውሃው ያወጣውን ሙቀት ሳሎን ውስጥ ይደፋዋል፣ ሳሎኑ ሲሞቅ ገንዳው ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣው እንደገና ይነሳል። የቤቱ ሰው ይህን የሚከፍለው በመብራት ሂሳብ ነው።

የባከነ ሙቀት ግን በእኛ ቤት አይባክንም። ባለቤቴ በብርዱ ወራት የሊጡን ባልዲ ከገንዳው ሥር፣ ፓምፖቹ ካሉበት ቁምሳጥን አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሌሎቹ ሴቶች የምድጃ መብራት አብርተው ሊጡን ምድጃ ውስጥ ሲያሳድሩ የእሷ በኮራሎቹ ጉርብትና ይቦካል። ስለ ገንዳው አንድም ቀን በጎ ነገር ተናግራ አታውቅም። የእንጀራዋ ዓይን ግን እኔን ወክሎ ይናገራል።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ።

የካቲት ነበር። እጥፍ ፈረቃ ገብቼ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወጥቼ በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተመለስኩ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወጥታለች። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የሳሎኑን መስኮት ነው። ያለቅሳል። ከላይ እስከ ታች ጤዛ ይወርድበታል፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል። ሽታውም የተለመደው አይደለም፤ የባሕር ሽታ ሳይሆን ሌላ፣ የተረሳ የዓሣ ገበያ ነገር። የቴርሞሜትሩ ቀይ ቁጥር 31.4 ይላል።

በዚያ ጊዜ የነበረኝ አንድ ባለ 300 ዋት ማሞቂያ ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው እዚያው ሆዱ ውስጥ ያለች ቁራጭ ብረት ናት፤ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቀው የተሠሩባት፣ ስትሞቅ ታጥፋ መስመሩን የምትቆርጥ፣ ስትቀዘቅዝ ተመልሳ የምትገጥም። በገጠመች ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ። በቀን ስንትና ስንት ጊዜ ለዓመታት ብልጭ እያለች ቆይታ፣ አንድ ቀን ጫፏ ቀልጦ ተጣበቀ። ከዚያ በኋላ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። ዕቃው ተበላሸ ማለትም ይከብደኛል፤ የተሠራበትን ሥራ ነበር ሲሠራ ያደረው። 300 ዋት 280 ሊትር ውሃን በሰዓት አንድ ዲግሪ ግድም ከፍ ማድረግ ይችላል። ክፍሉ ቀዝቃዛ መሆኑ፣ መስኮቱም ማልቀሱ ነው በስድስት ዲግሪ ያቆመልኝ።

ዓሣዎቹ ሁሉም ላይኛው ወለል ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ሙቅ ውሃ ብዙ አየር አይይዝም። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በ25 ዲግሪ ከአየር የሚያገኘው ኦክስጅን 6.7 ሚሊግራም ግድም ነው፤ በ30 ዲግሪ ወደ 6.2 ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የዓሣው አካል በሙቀቱ ምክንያት እየተቻኮለ የበለጠ የሚፈልገው በዚያው ሰዓት ነው። ገቢው ሲቀንስ ወጪው የሚጨምርበት ቤት ማለት ነው፤ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም።

ኮራሎቹ ዘንድ ጩኸት የለም። ወፍራሙ፣ እንደ እንጉዳይ የቆመው ለስላሳ ኮራል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቷል። እንደ ችቦ ነበልባል የሚወዛወዙ ረጃጅም ክንዶች ያሉት ደግሞ ክንዶቹን ሰብስቦ ግማሽ ሆኗል። ፊቴን ወደ መስተዋቱ አስጠግቼ ቆምኩ። ከአፉ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ወጥቶ ጥቂት ይንሳፈፍና ፍሰቱ ይወስደዋል። ሌላ ይከተላል። ያ ቡናማ ነገር ምን እንደሆነ አነብ ስለነበር አውቄዋለሁ። ሲያበላው የኖረ ጓደኛው ነው።

ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ያኖራል። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከእነሱ ሊያገኝ ይችላል። ቀለሙም በአብዛኛው ከእነሱ ነው። ውሃው ከለብታ ሲያልፍ የአልጌዎቹ የብርሃን ማሽን ይሳሳታል፤ በምግብ ፋንታ መርዝ የሆነ ኦክስጅን ያመነጫል። ያኔ ኮራሉ ይተፋቸዋል። በአፉ፣ ሌላ በር ስለሌለው። መስተዋቱ ፊት ቆሜ ሎዶቅያ ትዝ አለችኝ፤ እዚያ የተተፉት ለብ በማለታቸው ነበር፣ እዚህ የሚተፉት ለብታው ስለጠፋ ነው።

አልጌው ሲወጣ የሚቀረው ሥጋ እንደ መስታወት ነው፣ ምንም ቀለም የለውም። በእሱ ውስጥ የሚታየው ነጭ፣ ከሥር ያለው የኖራ አጥንት ነው። ባለ ረጃጅም ክንዱ ኮራሌ በአራተኛው ቀን ነጭ ሆነ። በሕይወት አለ፤ ሲነኩት ይሸሻል፤ ግን ነጭ ነው። ያን ጊዜ ነው የአባቴን ስጦታ ያወቅኩት። ቡፌው ላይ በዳንቴል የተቀመጠው፣ እናቴ በጥርስ ብሩሽ ያጠበችው፣ እኔ የላስኩት አጥንት ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት የመጀመሪያ ሐሳቤ በረዶ ነበር። ደግነቱ ደክሞኝ ስለነበር ፈጥኜ አልደረስኩበትም። በስድስት ዲግሪ የተጎዳን ፍጥረት በአንድ ሰዓት ስድስት ዲግሪ ማውረድ ሁለተኛ ዱላ ነው። ማሞቂያውን ነቀልኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ አየር የሚነፋውን ትንሽ ፓምፕ ከተትኩ፣ ቬንትሌተሩን ከመኝታ ቤት አምጥቼ የውሃው ፊት ላይ አነጣጠርኩት። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እስከ ማታ ድረስ ነው 26 የደረሰው። በዚያ ቀን አልተኛሁም።

ቬንትሌተሩ የሠራው ነገር ግን ስለ ውሃ ከማውቀው ሁሉ በላይ ደስ ይለኛል። ነፋሱ ራሱ ብዙም አያቀዘቅዝም፤ በአብዛኛው የሚያቀዘቅዘው ውሃው ሲተን ነው። ውሃ እንፋሎት ሆኖ ለመሄድ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ያንን ሙቀት ደግሞ ከቀረው ውሃ ይወስዳል። ለ280 ሊትር ስሌቱ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሊትር ያህል ቢተን ጠቅላላው በአንድ ዲግሪ ይበርዳል። አንዲት ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት ነው። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። የድሬዳዋ እንስራ ላቡ ወደ ውጭ እየወጣ ውስጡን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው። ባቡር ላይ የሚሄዱ ሰዎች ኮዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨርቁን አርሰው፣ በመስኮቱ በኩል ነፋስ እንዲያገኘው ያንጠለጥሉት የነበረውም እንዲሁ። አባቴ ፊዚክስ አልተማረም። ቀዝቃዛ ውሃ ግን አልጠፋበትም።

አንድ ነገር ግን እንስራ ላይ የለም፣ ገንዳ ላይ አለ። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሰው አቀዘቀዝኩ እያለ ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ውሃው በየቀኑ ይበልጥ ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል። የጎደለው በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራ ንጹሕ ውሃ መሞላት አለበት፣ በየቀኑ፣ እስከ መስመሩ ድረስ። ይህን ሥራ የሚሠራ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ ገዝቻለሁ፤ ቢሆንም መስመሩን አየዋለሁ። ማሞቂያው ያስተማረኝ አንዱ ነገር ራሱን የሚቆጣጠር ዕቃ ማመን እንደሌለብኝ ነው።

ከሞቱት ልጀምር። ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለው አክሮፖራ በሁለት ቀን ውስጥ ሥጋው እንደ ተልባ እየሆነ ተልጦ አለቀ። እንደ ልብ የሚመታው፣ እጆቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ዜኒያ ቀለጠ፤ ቦታው እንኳ አልቀረም። ሁለት ቀንድ አውጣ። ዓሣዎቹ ሁሉ ተረፉ። የተኛው ወፍራም ኮራል በሦስተኛው ሳምንት እንደ እባብ ቆዳውን ገፎ ተነሳ። ነጩ ግን ነጭ ሆኖ ቆየ። ማታ ማታ በትንሽ መርፌ ምግብ አፉ አጠገብ አደርግለት ነበር፤ ባለቤቴ ለታመመ ሰው አጥሚት እንደሚደረገው ነው ትላለች። በግንቦት መጨረሻ ከክንዶቹ ሥር የሻይ ቀለም የመሰለ ነገር አየሁ። ተመልሰዋል። ከቀሩት ጥቂት አልጌዎች ተራብተው ይሁን ከገንዳው ውሃ ሌሎች ገብተው፣ ልጠይቀው አልቻልኩም።

አሁን ሁለት ማሞቂያ ነው ያለኝ፣ እያንዳንዳቸው 150 ዋት። አንዱ ተጣብቆ ቢያድር ብቻውን ገንዳውን መቀቀል አይችልም፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እስክደርስ ይይዘዋል። ሁለቱም ደግሞ ከውጭ በሌላ መቆጣጠሪያ በኩል ያልፋሉ፤ 26 ላይ ኃይላቸውን ይቆርጣል። ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ የገንዳቸውን ሙቀት በግራፍ ያስቀምጣሉ፣ መስመሩ ቀጥ ካላለ እንቅልፍ የላቸውም። እዚህ ላይ አልስማማም። ባሕሩ ራሱ ቀጥ አይልም። በአሜሪካ ሳሞአ፣ ኦፉ በምትባል ደሴት፣ በውሃ ማፈግፈግ ጊዜ ተነጥለው የሚቀሩ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች አሉ፤ በአንድ ቀን እስከ ስድስት ዲግሪ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ከ34 በላይ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። እዚያ ያደጉ ኮራሎች ሙቀት የሚችሉ ሆነው ተገኝተዋል። የእኔዎቹ ግን እዚያ አላደጉም። ያደጉት ሳሎን ነው።

ኮራል ሙቀትን በዲግሪ ብቻ አይቆጥርም፣ በሳምንትም ይቆጥራል። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የሚጠቀምበት ስሌት በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ባሕሩ በዓመቱ በጣም ከሚሞቅበት ወር የተለመደ ሙቀት በላይ ስንት ዲግሪ ለስንት ሳምንት እንደቆየ ይደመራል። ድምሩ 4 ሲደርስ መንጣት ይጠበቃል፣ 8 ሲያልፍ ሞት። አንድ ዲግሪ ለአንድ ወር፤ ወሰኑ ይህን ያህል ነው። እኔ በአንድ ሌሊት ስድስት ዲግሪ አሳለፍኩ። ውቅያኖሱ ደግሞ ያለ ብልጭታ፣ ያለ ቁራጭ ብረት፣ ቀስ እያለ ያንኑ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በታሪክ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ታውጇል።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2023፣ ፍሎሪዳ ላይ ማናቲ ቤይ የሚባል ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ያለ መለኪያ 38.4 አስመዘገበ። ልጅ ቢሆን ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚደረግበት ቁጥር ነው። በዚያ ሰሞን ኮራል ጠባቂዎች በጀልባ ወጥተው፣ ለዓመታት ባሕር ውስጥ ያሳደጓቸውን ኮራሎች እየነቀሉ በየብስ ወዳሉ ገንዳዎች አመጧቸው፤ ብዙዎቹን የተቀበለው ሎንግ ኪ ላይ ያለው የባሕር ምርምር ጣቢያ ነው። ዜናውን በሥራ እረፍት ላይ ሆኜ በስልኬ አየሁት። ሰዎቹ ገንዳዎቹ ላይ ጎንበስ ብለው ቴርሞሜትር ያነባሉ። ገንዳ ለባሕር ምሳሌ እንጂ መጠለያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እህቴ አቡዳቢ ናት፤ ገንዳዬ የሚያስቃት ሰው ሁለተኛዋ። በነሐሴ የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ ከጣሪያው ታንከር ፈልቶ ይመጣል። እዚያ ያሉ ሰዎች ዘዴ አላቸው፤ የሻወሩን ማሞቂያ ያጠፉና ውሃው ቤት ውስጥ ባለው ጋን ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ለመታጠብ የሙቁን ቧንቧ ይከፍታሉ። «ቀዩ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው ሙቅ» ትለኛለች። በዚያው ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች 34 እና 35 ዲግሪን ችለው የሚኖሩ ናቸው፤ የእኔዎቹ በአንድ ሌሊት የተጎዱበትን ሙቀት እነሱ በየዓመቱ ያልፉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን እነሱም ነጡ። የቻለ ሁሉ የሚችልበት ጣሪያ አለው።

ስለ ቀይ ባሕር የተጻፈውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሰሜኑ ጫፍ፣ ኢላትና አቃባ ባሉበት፣ ውሃው በጣም በሚሞቅበት ወር 27 ዲግሪ ግድም ነው። እዚያ ያሉት ኮራሎች ግን በሙከራ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ቢያሞቋቸውም አልነጡም። ማኦዝ ፋይን የሚባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረበው ማብራሪያ ይህ ነው፤ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ኮራሎች ወደ ቀይ ባሕር የገቡት በደቡቡ በር፣ በባብ ኤል መንደብ ነው። የበሩ አካባቢ የሚያቃጥል ነው። ያልቻለው እዚያው ቀረ፣ የቻለው ትውልድ በትውልድ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ሲደርስም የበሩን ትዕግሥት ይዞ ገባ። ባብ ኤል መንደብ በዓረብኛ የለቅሶ በር ማለት ነው። ከበሩ በአንዱ ወገን ጅቡቲ አለች፣ አባቴ ድንጋዩን ከገበያ የገዛባት።

በዚያው ባሕር ስሙ የቀረ አንድ ሰው አለ፤ ሄምፕሪክ፣ ጀርመናዊ። ከጓደኛው ከኤረንበርግ ጋር የቀይ ባሕርን ፍጥረት ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ አገሩ ተመልሶ በ1834 አንዱን ቅርንጫፋማ ኮራል በጓደኛው ስም ጠራው፤ አክሮፖራ ሄምፕሪኪ። የእኔ የሞተው አክሮፖራ የዚያ ዘመድ ነው። ትኩሳት ያጣመራቸው ሁለት ዘመዳሞች ለማለት ፈልጌ ነበር፣ ግን ሰውየው ሰው ነው፣ ይቅር።

እናቴ አሁን ስትደውል ስለ ዓሣዎቹ ትጠይቃለች። ድንጋዩ እስከ አሁን ቡፌው ላይ አለ። እንዳታጥቢው ልላት ፈልጌ ተውኩት፤ ከሞተ በኋላ ምን ይጎዳዋል።

ቴርሞሜትሮቼ ሦስት ናቸው። አንዱ ከመቆጣጠሪያው ጋር የመጣ፣ አንዱ መስተዋቱ ላይ የሚለጠፍ፣ አንዱ የብርጭቆ። በየሦስት ወሩ የተፈጨ በረዶና ውሃ በብርጭቆ ቀላቅዬ ሦስቱንም እከታቸዋለሁ፤ ዜሮ ማለት አለባቸው። የሚለጠፈው ጎበዝ ሆኖ አያውቅም። ከመቆጣጠሪያው ጋር የመጣው ባለፈው ጊዜ 0.7 አለ፣ ስለዚህ 25.5 ሲለኝ የኖረው ውሃ 24.8 ነበር ማለት ነው። ኮራሎቹ አልተቃወሙም። እኔ ግን ስንት ሌሊት የተነሳሁበት ቁጥር ያልነበረ ቁጥር መሆኑን ሳውቅ ሳቄ መጣ፣ ባለቤቴም ሰማች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንብበህ ገንዳ ለመግዛት ከተነሳህ ከዓሣው በፊት ቴርሞሜትሩን ግዛ። ማሞቂያውንም ሁለት ትንንሽ አድርገው።